የሸራ ጋቢና እና ብርቱካንማ መብራት በጓሮ ትራክተር ላይ፦ ግምገማና የአገጣጠም ዝርዝር

በሞቃቱ ወራት ሣር የሚያጭደው የጓሮ ትራክተር በረዶ ሲመጣ ከፊቱ በረዶ ጠርጎ የሚወረውር ስኖውብሎወር ይገጠምለትና ግቢ ይጠርጋል። ማሽኑ ሥራውን ይችለዋል፤ የሚቸገረው ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። የተወረወረውን በረዶ ነፋስ ይመልሰውና ፊት ላይ ያራግፈዋል። በጨለማ ደግሞ ከመንገድ ታጥፎ የሚገባ ሾፌር ያንን ዝቅ ያለ ማሽን የሚያየው ከቀረበው በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ችግር ጋቢና ይሸጣል፣ ለሁለተኛው ቢከን የሚባለው ብርቱካንማ የማስጠንቀቂያ መብራት። ሁለቱን አንድ ላይ የምንገመግመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጋቢና ሲገጠም መብራቱ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ትራክተሩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሸክም እና ሾፌሩ የሚያየው ነገር አብረው ይቀየራሉ።

የምንናገረው ስለ ሸራ ጋቢና ነው፦ የብረት ቱቦላሬ አጽም፣ በጎንና በኋላ ወፍራም የቪኒል ሸራ፣ ከፊት ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ። በሐሳባችን የያዝነው ማሽን ባለ 44 ኢንች ስኖውብሎወር የተገጠመለት የጆን ዲር ኤክስ 300 ተከታታይ ትራክተርና እሱን የሚያክሉት ናቸው። ፍርዳችን አጭር ነው፦ ጋቢናውም መብራቱም ዋጋቸውን ያወጣሉ። ነገር ግን ብዙ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ጋቢናው ላይ ይጨርስና ሽቦውን በችኮላ ይዘረጋዋል። በጃንዋሪ ብርድ ከሁሉ በፊት መሥራት የሚያቆመው ደግሞ ሽቦው ነው።

የትኛው ጋቢና

ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ርካሹ ሁሉም ነገሩ ሸራ የሆነው፣ መስኮቱም ግልጽ ቪኒል የሆነው ነው። ለብዙ ሞዴል እንዲሆን ተብሎ ስለሚሰፋ የትኛውም ትራክተር ላይ በትክክል አይቀመጥም። መሐለኛው ለአንድ ሞዴል ወይም ለአንድ ተከታታይ ተለክቶ የሚሠራው ነው፤ የፊት መስታወቱ አክሪሊክ ወይም ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፣ ጣሪያውም አንዳንዴ ጠንካራ ነው። ሦስተኛው ሙሉ ላሜራና መስታወት ያለው ነው፤ እሱ ዋጋውም ክብደቱም ለትልልቆቹ ትራክተሮች ይስማማል። በኢንዲያና ያለው ኦሪጅናል ትራክተር ካብ እና በኩቤክ አድስቶክ ከተማ ያለው ቤርኮማክ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው፤ ቤርኮማክ ስኖውብሎወሩንም ራሱ ይሠራል።

የእኛ ምርጫ መሐለኛው ነው፤ ምክንያቱም የፊት መስታወቱ ነው። ግልጽ ቪኒል በብርድ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ የመብራት ብርሃን ሲያርፍበት በየሽብሽቡ ይበታተናል። ማታ በእሱ ውስጥ አሻግሮ ማየት ዓይን ያደክማል። በጎንና በኋላ ግን ቪኒል ይበቃል፤ እዚያ የሚፈለገው ነፋስ መከልከልና እንቅስቃሴ መለየት ብቻ ነው።

ከአክሪሊክና ከፖሊካርቦኔት ፖሊካርቦኔት ይሻላል። አክሪሊክ ጠንከር ያለ ነገር ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ስኖውብሎወር ደግሞ በረዶ ብቻ አይወረውርም፣ ጠጠርም ይወረውራል። የፖሊካርቦኔት ድክመት ቶሎ መጫሩ ነው። የላይኛው ገጽ መከላከያ ቅብ ከሌለው ደረቅ መጥረጊያ በአንድ የበረዶ ወር ውስጥ ቅስት የመሰለ ጭረት ይሠራበታል። ሻጩን ስለ መጠኑ ከመጠየቅ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ቅቡ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ለጽዳቱ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙና እና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃሉ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ሆነ ቤንዚን ፖሊካርቦኔትን ያደበዝዘዋል፣ ጥቃቅን ስንጥቅም ያወጣበታል። የመኪና በረዶ መፋቂያ ደግሞ በፍጹም አይነካውም።

አንድ ነገር ከመግዛት በፊት ጠንከር አድርገን እንናገር። የሸራ ጋቢና የመገልበጫ መከላከያ አይደለም። ትራክተሩ ቢገለበጥ ቱቦላሬው ይታጠፋል። ትራክተሩ ከፋብሪካ የመጣ የመገልበጫ መከላከያ ቅስት ካለው፣ ያ ቅስት ላይ መብሳትም መበየድም ክልክል ነው፤ ጥንካሬው የተፈተነው ሳይነካ ነው። ጋቢናውን ከእሱ ጋር ማያያዝ የግድ ከሆነ ዙሪያውን በሚይዝ ማሰሪያ ብቻ ይሁን።

ክብደት

ጋቢናው እንደ ዓይነቱ ከ25 እስከ 45 ኪሎ ይመዝናል፤ ያ ሁሉ ክብደት ከመቀመጫው በላይ ነው። ከፊት ያለው ስኖውብሎወር ደግሞ 90 ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የኋላ ጎማዎች ይቀልላሉ፣ ዳገት ላይ ይሽከረከራሉ፣ ጎን ለጎን ያለ ተዳፋት ላይም ማሽኑ ከበፊቱ ይልቅ ለመጋደል ይቀርባል። የስኖውብሎወሩ መመሪያ ከኋላ ምን ያህል ክብደት እንደሚያስፈልግ ይጽፋል፤ ያንን ቁጥር ሳይቀንሱ ማሟላት ነው። ጆን ዲር የሚሸጣቸው ሻንጣ መሰል ክብደቶች እያንዳንዳቸው 42 ፓውንድ፣ ማለትም 19 ኪሎ ናቸው። በጎማ ውስጥ ፈሳሽ የሚሞላ ሰው ተራ ውኃ እንዳይሞላ፤ ይረጋል። የማይረጋ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ ይሠራል። ካልሲየም ክሎራይድ ከውኃ ይልቅ ይከብዳል፣ ግን ከመነዳሪው ካፈተለከ ቸርኪውን ይበላዋል።

የጎማ ሰንሰለት ከክብደቱ ጋር አብሮ ይታሰብ። ሰንሰለት ሲታሰር የጎማው ዙሪያ ይሰፋል፤ የሸራው የታችኛው ጠርዝ ከጎማው ቢያንስ 2 ኢንች ካልራቀ ሰንሰለቱ በአንድ ቀን ሥራ ይቀደዋል። ስለዚህ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ይታሰር፣ ጋቢናው ከዚያ በኋላ ይለካ።

አጽሙን ማቆም

ሥራው ሁለት ሰውና ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ቀኑ ሞቅ ያለ ይሁን፤ ካልሆነ ሸራው ቤት ውስጥ አድሮ ይውጣ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚለጠጥ ቪኒል በዜሮ አይለጠጥም፤ በግድ ሲስቡት ስፌቱ ይተረተራል ወይም ቁልፉ ይነቀላል። ጥቅምት ላይ ያልገጠመ ሰው ሞቃት ጋራዥ መፈለግ አለበት።

አጽሙ መጀመሪያ መሬት ላይ ይሰካካል፣ ቡሎኖቹ በጣት ብቻ ይታሰራሉ። ሁለት ሰው አንሥቶ ትራክተሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እግሮቹ ከእግር መርገጫውና ከኋላው መከለያ ማሰሪያዎች ጋር ይገናኛሉ። ቡሎኖቹ አሁንም አይጠበቁም። የበሩ ክፈፍ ከአንድ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሜትር ይለካ፣ ሁለተኛውም አግድም እንዲሁ፤ ልዩነታቸው ከሩብ ኢንች ከበለጠ አጽሙ ተጣሟል ማለት ነው፣ በሩም አይዘጋም። ካስተካከሉ በኋላ ከታች ወደ ላይ ይጠበቃል። ባለ 5/16 ኢንች ቡሎን ቱቦላሬ ላይ ሲጠበቅ ቱቦው መጨፍለቅ ከጀመረ አልፏል፤ ሰፊ ሮንዴላ ይግባለትና ናይለን ባለው ዳዶ ይታሰር። የአንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረት ተራ ዳዶን ይፈታል። ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሥራ በኋላ ሁሉም እንደገና ይፈተሽ።

የፊት ፖሊካርቦኔቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ፖሊካርቦኔት ከ20 ዲግሪ ወደ 25 ከዜሮ በታች ሲወርድ 3 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል። ቀዳዳው ከቡሎኑ ውፍረት ጋር እኩል ከሆነ መሸሻ አያገኝምና ከቀዳዳው ጫፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀዳዳው ከቡሎኑ በ3 ሚሊሜትር ይስፋ፣ ከጠርዙም የቀዳዳውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ይራቅ፣ በሁለቱም ወገን የጎማ ሮንዴላ ይግባ፣ ዳዶው ጎማውን መጭመቅ ሲጀምር ይቁም። ሲበሳ ከሥሩ ጣውላ ይደረግለት፣ የትራፓኑም ፍጥነት ዝቅ ይበል፤ መከላከያ ወረቀቱም እስከ መጨረሻው አይላጥ።

ሸራው ከመልበሱ በፊት መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ሁሉን ነገር መሞከር ያስፈልጋል፦ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ፔዳሎቹን በወፍራም የበረዶ ቦት፣ የስኖውብሎወሩን አፍ የሚያዞረውን እጀታ፣ ማንሻውን፣ የነዳጅ መሙያ ክዳኑን። የኤክስ 300 ኮፈን ወደ ፊት ነው የሚከፈተው፤ የጋቢናው የፊት መጋረጃ እስኪፈታ ድረስ ኮፈኑ ካልተከፈተ ዘይት ማየት በየቀኑ ጣጣ ይሆናል። መቀመጫው ሥር ያለው የደኅንነት ማብሪያም ይፈተን፦ ስኖውብሎወሩ እየሠራ ሾፌሩ ብድግ ሲል ሞተሩ መጥፋት አለበት። ጋቢና ውስጥ በወፍራም ልብስ መንቀሳቀስ ሲጠብብ ይህንን ማብሪያ በሽቦ የሚያልፉት ሰዎች አሉ። አይደረግ። የተዘጋ ስኖውብሎወርን ሞተር ሳያጠፉ በእጅ መክፈት ጣት ያሳጣል፤ ይህ ማብሪያ የተሠራው ለዚያ ነው።

ጭስ

የሸራ ጋቢና የሚሞቀው ከሞተሩ በሚመጣ አየር ነው። የፊት መጋረጃው ከኮፈኑ ጋር በደንብ ሲገጥም የሞተሩ ሙቀት ወደ ሾፌሩ እግር ይመጣል፤ ውጭው 15 ከዜሮ በታች ሲሆን እንኳ ጓንት አውልቆ መሥራት ይቻላል። ይኸው መንገድ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድንም ያመጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ሲሰማ ሞተር ማጥፋትና መውጣት ነው፤ ብርድ ነው ብሎ መቀጠል አይገባም።

የማርሚታው አፍ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይታይ። ሸራው ከማርሚታው ቢያንስ 6 ኢንች ይራቅ፤ የማይርቅ ከሆነ በመሐል ላሜራ ይቁም፣ ላሜራውና ሸራው መካከልም አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። የማርሚታው ማሸጊያ ካረጀ ጋቢና ከመገጠሙ በፊት ይቀየር። ለአየር የኋላውን መስኮት ብቻ መክፈት አይበጅም፤ ማሽኑ ወደ ፊት ሲሄድ ነፋሱ ጭሱን ከፊት እየጎተተ በጋቢናው ውስጥ ያሳልፈዋል። የሁለቱም በር የላይኛው ጥግ ጥቂት ክፍት ይሁን። ይህ መስታወቱ በትንፋሽ እንዳይደበዝዝም ይረዳል፤ ከቦት ላይ የሚቀልጠው በረዶ ዋነኛው የእርጥበት ምንጭ ነውና ከመግባት በፊት እግርን ማራገፍም እንዲሁ።

ለቤት የሚሸጠው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ለዚህ አይሆንም። የአሜሪካው ዩ ኤል 2034 ደረጃ 70 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው ይህ ጋዝ ሲሆን) ላይ ከ60 እስከ 240 ደቂቃ ውስጥ እንዲጮኽ ነው የሚጠይቀው፤ መሣሪያውም የተሠራው ለቤት ሙቀት ነው። ለተሽከርካሪ የሚሆን፣ ቁጥሩን በፒፒኤም የሚያሳይ፣ ለብርድ የተሠራ አነስተኛ መለኪያ ይገዛ። በዓይን ትይዩ ይሰቀል፤ የሸራ ጋቢና የሞተሩን ድምፅ ያጎላዋልና ጆሮ መሸፈኛ ያደረገ ሰው ጩኸቱን ላይሰማ ይችላል፣ ብልጭታውን ግን ያያል።

አምፔር ቆጥሮ መጀመር

መብራት ከመግዛት በፊት የዲናሞው አቅም ይታወቅ። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ሲሊንደር የጓሮ ትራክተር ሞተሮች 15 አምፔር ያመነጫሉ፣ አንዳንዶቹ 20። ይህ ግን ሞተሩ በሙሉ ፍጥነት፣ 3,600 ዙር አካባቢ ሲሽከረከር ነው፤ ዝቅ ሲል በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ላይ ትራክተሩ ራሱ የሚወስደው አለ። ስኖውብሎወሩን የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን 4 አምፔር አካባቢ ይጎትታል። የፋብሪካው ሁለት የፊት መብራቶች 1156 የሚባለው ባለ ክር አምፖል ከሆኑ እያንዳንዳቸው 2.1 ናቸው፤ ሁለቱ 4.2። የነዳጅ መዝጊያውና ሌላው ጥቃቅን ነገር 1 ያህል። ድምሩ ከ9 በላይ ነው፤ ከ15 ውስጥ የቀረው 6 አይሞላም፣ ባትሪውም ከዚያው ላይ መሞላት አለበት።

አሁን የሚጨመረው ይቆጠር። ኤልኢዲ ቢከን 1 አምፔር አካባቢ ነው፤ ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ የሥራ መብራት 1.5፣ ሁለቱ 3፤ የመስታወት መጥረጊያ ሞተር ከ2 እስከ 4። ስሌቱ ሞላ ማለት ነው። የድሮው ባለ 55 ዋት ሃሎጅን አንዱ ብቻውን 4.6 ይጎትታልና ለእሱ ቦታ የለም። ማውጫው ቀላል ነው፦ የፋብሪካዎቹን ሁለት አምፖሎች በኤልኢዲ መተካት 3 አምፔር ያህል ያተርፋል። በሲጋራ መለኮሻ የሚሰካው ባለ 150 ዋት ማሞቂያ ግን አይገዛ። 12.5 አምፔር ይበላል፣ የሚሰጠው ሙቀት ደግሞ በበሩ ክፍተት ይጠፋል።

አንድ ሲሊንደር ያላቸው አነስተኛ ትራክተሮች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሮች ዲናሞ ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ 3 አምፔር ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፣ ሌላው 5 አምፔር ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ሆኖ ለፊት መብራቱ ብቻ ይሄዳል። በዚህ ማሽን ላይ ቢከኑን ከፊት መብራቱ ሽቦ ጋር የሚያያይዝ ሰው መብራቱ ይርገበገብበታል፣ ቀስ ብሎም ይቃጠላል። ምልክቱ ሞተሩ ሲጠፋ የፊት መብራቱ አብሮ መጥፋቱ፣ ከሞተሩም ፍጥነት ጋር መድመቅና መፍዘዙ ነው። እንዲህ ያለ ትራክተር አንድ ኤልኢዲ ቢከን በባትሪው መስመር ይችላል፤ ከዚያ በላይ አይጫን።

አዘረጋጉ እንዲህ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚወጣው ዋና ሽቦ በአሜሪካ የሽቦ ውፍረት መለኪያ 12 ቁጥር ይሁን፣ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ 20 አምፔር ፊውዝ ይግባበት። ሽቦው ሪሌ በሚባለው፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር በሚከፍትና በሚዘጋው ማብሪያ ላይ 30 ከሚለው እግር ይገባል፤ ከ87 ወጥቶ አራት ቀዳዳ ወዳለው የፊውዝ ሳጥን ይሄዳል። 86 ቁልፍ ሲበራ ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ጋር፣ 85 ከማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ከሚመለሰው መስመር ጋር ይያያዛል። እንዲህ ሲሆን ቁልፉ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል፣ ሌሊት በርቶ ያደረ ቢከን ባትሪ አይጨርስም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተሞላ ባትሪ በሚኒሶታ ብርድ አይረጋም፣ ባዶ ሊሆን የቀረበ ባትሪ ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ይረጋና ሳጥኑ ይሰነጠቃል። ከሳጥኑ ለእያንዳንዱ ዕቃ 16 ቁጥር ሽቦ ይወጣል፤ ለቢከኑ ባለ 3፣ ለሥራ መብራቶቹ ባለ 5፣ ለመጥረጊያው ባለ 7.5 ፊውዝ።

ማሳው ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የጋቢናው አጽም ቅብ የተቀባ ነው፣ ብዙ ጊዜም በጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ቢያስተላልፍም ዛሬ ሠርቶ ነገ ያቆማል። የመብራቶቹ ኔጌቲቭ ሽቦ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ከፖዘቲቩ ጋር ጎን ለጎን ወርዶ፣ ባትሪው ድረስ ይሂድ። ቢከኑ ፍዝዝ ካለ ወይም መጥረጊያው ሲነሣ መብራቱ ከደከመ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው።

ሽቦን ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለአንድ ሳምንት ይሠራል። ጨው ያለበት በረዶ ሲቀልጥ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ ይገባና መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። በሙቀት የሚኮማተር፣ ውስጡ ሙጫ ያለው መገጣጠሚያ ይደረግ። ሽቦው በአጽሙ ላይ የሚያዘው በፕላስቲክ ማሰሪያ ሳይሆን ጎማ በለበሰ የብረት መቆንጠጫ ይሁን፤ ፕላስቲኩ በብርድ ይሰበራል።

ከአጽሙ እግር አጠገብ፣ ጋቢናው ሲነሣ የሚነቀል አንድ መሰኪያ የግድ ያስፈልጋል። ዶይች የሚባለው ውኃ የማያስገባው ዓይነት ምርጥ ነው። ርካሹ አማራጭ የተጎታች ባለ አራት እግር ጠፍጣፋ መሰኪያ ነው፤ እሱ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው የትራክተሩ ወገን ሦስቱ የተሸፈኑበት ይሁን፣ ገላጣው እግር ማሳ ብቻ ይሁን። ከተገለበጠ የተነቀለው ጫፍ ብረት በነካ ቁጥር ፊውዝ ያቃጥላል።

ሲያልቅ በመልቲሜትር ይረጋገጥ። ሞተር ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፤ በሙሉ ፍጥነት ሁሉም ነገር ጠፍቶ ከ13.5 እስከ 14.5፤ ፍሪሲዮኑ ተነሥቶ፣ ሁሉም መብራትና መጥረጊያ በርቶ ከ13.2 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ባትሪው እየተበላ ነው፣ አንድ ነገር ይቀነስ።

መብራቱ የት ይቀመጥ

ብርቱካንማ ይሁን። ቀይና ሰማያዊ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለመሰሎቻቸው የተያዙ ናቸው፤ ደንቡ ከስቴት ስቴት ቢለያይም ብርቱካንማው ለግል ሥራ የተለመደው ነው። ዕቃው ላይ ኤስ ኤ ኢ ጄ 845 የሚል ምልክት ይፈለግ፤ ይህ በዙሪያው ሁሉ ስለሚታይ የማስጠንቀቂያ መብራት የወጣ ደረጃ ነው። ክላስ 1 የሚባለው ደማቁ ነው፤ ለግቢና ለፓርኪንግ ክላስ 2 ይበቃል፣ እንዲያውም ለሾፌሩ ይሻላል። ብዙ ዓይነት ብልጭታ ካለው ቀስ ያለው ይመረጥ። በሚወርድ በረዶ ውስጥ ፈጣን ብልጭታ ርቀት መገመትን ያስቸግራል፣ ለሚመጣውም መኪና ለሚጠርገውም ሰው።

ማግኔት ያለው ቢከን ለዚህ ሥራ አንመክርም። የሸራና የፕላስቲክ ጣሪያ ማግኔት አይይዝም፣ ላሜራ ቢደረግለትም ንዝረቱ ቀስ በቀስ ያንሸራትተዋል። በቡሎን የሚታሰረው ይገዛ፤ ከጣሪያው የኋላ ጠርዝ ላይ ካለው ቱቦላሬ ጋር የሚያያዝ የብረት ቁራጭ ይበየድለት ወይም ዙሪያውን በሚይዝ ማሰሪያ ይታሰር። ወደ ኋላ የምንለው ለምክንያት ነው፦ ከፊት ሲሆን ብልጭታው በሚወርደው በረዶና በስኖውብሎወሩ ደመና ላይ እያረፈ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል። ጣሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ከቢከኑ ሥር ጥቁር ላሜራ ይደረግ።

የሥራ መብራቶቹ ላይም ሕጉ ያው ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ የተሰቀለ ነጭ መብራት በጠራ ሌሊት ያምራል፣ በረዶ ሲጥል ግን ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ያቆማል። ወደ ታችና ወደ ውጭ ይውረዱ፤ በኮፈኑ ግራና ቀኝ፣ ከሾፌሩ ዓይን በታች፣ ከስኖውብሎወሩ አፍ ጎን እንዲያልፉ። የመብራቱ ቀለም ከቦታው ያነሰ ጉዳይ ነው፤ ቢጫ ፊልም ለጥፎ ቦታውን ሳይቀይሩ ልዩነት መጠበቅ አይገባም። ከኋላ አንድ መብራት ይኑር፣ በራሱ ማብሪያ፤ ሸራው ጋቢና የኋላ እይታን ስለሚቀንስ ወደ ኋላ ሲኬድ መብራት ከኋላ ማሳያ መስታወት ይበልጣል።

ይህ ክፍል ለእኛ ማኅበረሰብ የተለየ ክብደት አለው። የገና ሌሊት ቅዳሴ በጃንዋሪ 7 ገና ሳይነጋ ይፈጸማል፣ ጥምቀትም ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ነው፤ ሁለቱም የበረዶው እምብርት ላይ ናቸው። በሚኒሶታ የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ የሚጠርግ ሰው ሥራው የሚበዛው በጨለማ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶችና ሕፃናት ወደ መኪናቸው በሚሄዱበት ሰዓት ነው። ነጭ ነጠላ በነጭ በረዶ ላይ፣ በነጭ መብራት ውስጥ አይለይም። ብርቱካንማው ቢከን ማሽኑን ለሰዎቹ ያሳያል፤ ሰዎቹን ለሾፌሩ አያሳይም። ስለዚህ ምእመናን ሲወጡ ስኖውብሎወሩ ይቁም፣ በአቅራቢያም አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው ይቁም። ከተማውም ያስቸኩላል፦ ሚኒያፖሊስ በረዶው ካቆመ በኋላ ለአንድና ለሁለት ቤተሰብ ቤት የእግረኛ መንገድ 24 ሰዓት፣ ለሌሎች ሕንፃዎች 4 የቀን ሰዓት ብቻ ይሰጣል።

ትራክተሩ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላው የሕዝብ መንገድ የሚያቋርጥ ከሆነ ቢከን ብቻውን አይበቃም። ለቀርፋፋ ተሽከርካሪ የሚደረገው ብርቱካንማ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ ጠርዙ ቀይ አንጸባራቂ የሆነው፣ ከኋላ ከመሬት ቢያንስ 2 ጫማ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ሸራው ላይ አይሰፋም፤ ሸራ ይታጠፋል። አጽሙ ላይ በቡሎን ይታሰር።

ኤልኢዲ እንደ ሃሎጅን አይሞቅም፤ ያረፈበትን በረዶ አያቀልጥም። እርጥብ በረዶ በሚጥልበት ሌሊት ቢከኑም የኋላ መብራቱም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊሸፈኑ ይችላሉ። ለስላሳ ብሩሽ ጋቢናው ውስጥ ይቀመጥ፣ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ይጠረጉ። ሽፋኑን አስቀድሞ በመኪና ሰም መቀባት በረዶው ቶሎ እንዲረግፍ ያደርጋል።

ዋጋና ቁመት

የሸራው ጋቢና ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ ለሞዴል ተለክቶ የሚሠራው ከ1,000 በላይ ይደርሳል። ከዚያ ላይ ለቢከን፣ ለሁለት የሥራ መብራት፣ ለሪሌ፣ ለፊውዝ ሳጥንና ለሽቦ ከ150 እስከ 250 ዶላር ይያዝ። ባጀቱ ከጠበበ ከጋቢናው ደረጃ ይቀነስ እንጂ ከሽቦውና ከፊውዙ አይቀነስ። የሚጠረገው ሁለት መኪና የሚያቆም አጭር መግቢያ ብቻ ለሆነ ሰው ጋቢናውን አንመክርም፤ ቢከኑና ጥሩ የበረዶ መነጽር ይበቁታል።

ከማዘዝ በፊት የጋራዡ በር ይለካ። የተለመደው የአሜሪካ መኖሪያ ቤት ጋራዥ በር ቁመት 7 ጫማ፣ ማለትም 213 ሴንቲሜትር ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን የታችኛው ጠርዙ ጥቂት ኢንች ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ልኬቱ ከወለሉ እስከዚያ ጠርዝ ይሁን። የጋቢናው ቁመት ላይ የቢከኑ 4 እስከ 6 ኢንች ይደመር፣ በመግቢያው ላይ የሚረጋው በረዶ ማሽኑን ከፍ ስለሚያደርገው ሌላ 2 ኢንች ይተው። ካልበቃ የሚታጠፍ ማሰሪያ ላይ ቢከኑን መትከል ይቻላል፤ ማጠፊያው ግን ከነመቀርቀሪያው ይሁን።

በአፕሪል ሲፈታ ሸራው ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በካርቶን ቱቦ ላይ ይጠቀለል። የታጠፈ ግልጽ ቪኒል በእጥፋቱ ይነጣል፣ በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ይሰነጠቃል። የመሰኪያዎቹ እግሮች በመከላከያ ቅባት ይሞሉ፣ ክዳናቸው ይዘጋ፣ ቡሎኖቹም በየእግራቸው ተመልሰው ይታሰሩ።